የጦርነት አዋጅ ስትሰሙ ስንቁን ጠይቁ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት አዳማ ውስጥ በአንድ የንባብ ክበብ ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነው። ልጆቹ በስልክ ቀድተው ወደ ጽሑፍ ገለበጡልኝ። አንዳንድ የተንዛዛ ቦታ ቆረጥኩ እንጂ እንዳለ ነው።

እንደምን ዋላችሁ! አካም ኦልተን! ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? ይሰማል፣ ጥሩ። ይህ ማይክ ሲጠጉት ይጮሃል፣ ሲርቁት ይተኛል፣ ትንሽ ታገሱኝ።

መቼም በዚህ በአዳማ ሙቀት፣ በቅዳሜ ከሰዓት፣ ሶደሬ ወርዶ መዋኘት እየቻለ ስለ ጦርነት ንግግር ሊሰማ እዚህ የተቀመጠ ሰው ምስጋና ይገባዋል። እናቶች፣ አባቶች፣ ከፊት ስለተቀመጣችሁልኝ ደስ ብሎኛል። እኔ ካነበብኩት ብዙውን እናንተ ኖራችሁታል። ስሳሳት አርሙኝ። ልጆች፣ እናንተም ስልካችሁን ዝም አሰኙልኝ። መቅዳት ይቻላል፣ ግን ዝም ይበል።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። እዚሁ ከተማ ታሪክ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። አንዳንዶቻችሁን አርፍዳችሁ ስትመጡ ከበር መልሻችኋለሁ። ዛሬ ያረፈደም ይግባ።

ርእሳችን ምንድነው? አንድ የአገር መሪ ብድግ ብሎ «ጦርነት ገብተናል» ሲል የሚያደርገው ንግግር ነው። ጦርነቱ አይደለም። ስልቱም አይደለም። ንግግሩ! ያቺ አምስት ወይም አሥር ደቂቃ። ሰው ሁሉ ሥራውን አቁሞ ሬዲዮ ላይ፣ ቴሌቪዥን ላይ፣ አሁን ደግሞ ስልኩ ላይ የሚያፈጥባት ደቂቃ።

ለምን ይህን መረጥኩ? እኛ በዚህች አገር እንዲህ ዓይነት ንግግር ብዙ ጊዜ ሰምተናል። እዚህ ካላችሁት ወጣቶች መካከል እንኳን ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ግን እንዴት እንደሚሰማ ያስተማረን የለም። እናጨበጭባለን፣ ወይም እንራገማለን፣ ወይም ቀረርቶ ይከፈትና ደማችን ይሞቃል። ንግግሩን ግን አንሰማውም። አንሰማውም! ድምፁን ነው የምንሰማው።

ሦስት ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። አንድ፣ ተናጋሪው ማን ጀመረው ይላል? ሁለት፣ እስከ መቼ ይላል? ሦስት፣ ስንቁን ማን ይችላል? ሁለቱን ቶሎ ቶሎ እላቸዋለሁ። የምቀመጠው ሦስተኛው ላይ ነው።

በመጀመሪያው እንጀምር። ማን ጀመረው?

እስቲ አንድ መሪ ተነስቶ «የጀመርኩት እኔ ነኝ፣ መሬቱ አምሮኝ ነው» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የለም። ሁሉም ተነክቶ ነው። ሁሉም ታግሶ ታግሶ ነው።

ሂትለር እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 1939 ፖላንድን ሲወር በርሊን ውስጥ ክሮል ኦፔራ በሚባለው አዳራሽ ለምክር ቤቱ ተናገረ። ምን አለ? ትናንት ሌሊት የፖላንድ ወታደሮች መሬታችን ድረስ ተኮሱብን፣ እኛም ከንጋቱ ጀምሮ መልሰን እየተኮስን ነው አለ። መልሰን! በዋዜማው ምሽት ግላይቪትስ በምትባል የድንበር ከተማ የጀርመን ሬዲዮ ጣቢያን ፖላንዶች የያዙት አስመስለው ድራማውን የሠሩት ግን የራሱ የኤስ ኤስ፣ ማለትም የፓርቲው ታጣቂ ክንፍ፣ ሰዎች ነበሩ።

ወደ እኛ እንምጣ። መስከረም 21 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ሮም ውስጥ ደወልና ሳይረን ተደወለ። በየከተማው ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። ሙሶሊኒ ከፓላትሶ ቬኔዚያ ሰገነት ላይ ብቅ ብሎ ኢትዮጵያን አርባ ዓመት ታገስናት፣ አሁን ግን በቃ! አለ። አርባ ዓመት የሚለው አድዋን ነው እንግዲህ። ሰው ቤት ድረስ መጥተህ፣ ተሸንፈህ ተመለስክ፤ ከዚያ አርባ ዓመት ታገስኳችሁ ትላለህ። (ሳቅ) ሰበብ ያደረጉት የወልወልን ግጭት ነበር፣ ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. የሆነውን። ወልወል የት ናት? ኦጋዴን ውስጥ፣ ከድንበሩ ገባ ብላ ያለች የውኃ ጉድጓዶች ያሉባት ቦታ። እነሱ ናቸው መጥተው የተቀመጡባት። በንግግሩ ማግሥት፣ መስከረም 22፣ የጄኔራል ዴ ቦኖ ጦር መረብን ተሻገረ። በወጉ የተላከልን የጦርነት መግለጫ እንኳን አልነበረም። በዚያው ቀን አዲስ አበባ ላይ ነጋሪት ተጎሰመና የክተት አዋጅ ተነበበ።

ሌላው ደግሞ ጭራሽ የማይናገር ነው። በ1969 ክረምት የሶማሊያ መደበኛ ጦር ሲገባ የዚያድ ባሬ መንግሥት ምን አለ? የሚዋጉት የምዕራብ ሶማሊያ ነፃ አውጪ ግንባር ሰዎች ናቸው፣ የእኔ ጦር እዚያ የለም አለ። ታንኩ ጅጅጋ ደርሶ ጦሬ የለም! መደበኛ ጦሬን አስገብቻለሁ ብሎ በይፋ የተናገረው በ1970 ዓ.ም. አጋማሽ ነው፣ ነገሩ ወደ ካራማራ ሲቃረብ።

እውነት ተጠቅቶ የተናገረም አለ። የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ሩዝቬልት ጃፓን የአሜሪካን የባሕር ኃይል ሰፈር ፐርል ሀርበርን በደበደበች ማግሥት፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 8 ቀን 1941፣ ለኮንግረሱ የተናገረው ሰባት ደቂቃ እንኳን አይሞላም። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ድምፅ ተሰጠ። በታችኛው ምክር ቤት 388 ለ 1። ያቺ አንዷ ማን ነበረች? ጃኔት ራንኪን የምትባል የሞንታና ተመራጭ። በ1917ም ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት መግባትን ከተቃወሙት አንዷ ነበረች። ድምፅ ከሰጠች በኋላ ሰው ሁሉ ተነሳባትና የስልክ መደወያ ክፍል ውስጥ ገብታ ተደበቀች፣ ፖሊስ መጥቶ እስኪያወጣት። እኔ ትክክል ነበረች አልልም። አገሯ ተደብድባለች እኮ! ግን 388 ሰው መሀል ብቻውን የሚቆም ሰው ሳይ እግሬ ይንቀጠቀጣል። እኛ እድር ላይ እንኳን ብቻችንን እጅ አናወጣም።

ስለዚህ ማን ጀመረው የሚለውን ጥያቄ... ተው ማለቴ አይደለም። በጣም ያስፈልጋል። ግን መልሱን ከንግግሩ ውስጥ አታገኙትም። ከድንበሩ ሰው፣ ከሰነድ፣ ከጊዜ ብዛት ነው የሚገኘው። የተጠቃውም፣ ጥቃት የፈበረከውም፣ ማይክ ፊት ሲቆሙ ቃላቸው አንድ ነው። ይህን ያዙልኝና እንለፍ።

ሁለተኛው፣ እስከ መቼ?

መጋቢት 11 ቀን 1995 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ጠዋት። ዋሽንግተን ገና ረቡዕ ማታ ነው። እኛ ጋ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲል ፕሬዝዳንት ቡሽ ከቢሮው ሆኖ የኢራቅ ጦርነት መጀመሩን ተናገረ። አራት ደቂቃ ገደማ። እኔ ክፍል ከመግባቴ በፊት መናኸሪያው አካባቢ ቁርስ ቤት ፉል እየበላሁ ነበር። ዲሽ ነበራቸው። ንግግሩ እየተደጋገመ ይታያል፣ እንግሊዝኛ እችላለሁ ያለ ሁሉ ለጎረቤቱ እየተረጎመ፣ ሁሉም የተለያየ ነገር ይተረጉማል። አንዱ ሳዳም ተይዟል ይላል፣ ሌላው ገና ነው ይላል። አጠገቤ አንድ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበር። እሱ ምንም አልተከራከረም። «ናፍጣ ሊጨምር ነው» አለ፣ ሂሳቡን ከፈለ፣ ወጣ። ይህን ሹፌር አትርሱብኝ።

ቡሽ ምን አለ? ኢራቅን ትጥቅ ለማስፈታት፣ ሕዝቧን ነፃ ለማውጣት፣ ዓለምን ከአደጋ ለመጠበቅ ነው አለ። እውነቱን ለመናገር ደግሞ አንዳንዶች ከሚገምቱት በላይ ሊረዝምና ሊከብድ ይችላል ብሎም ነበር። ብሏል፣ አንዋሽበትም። ግን ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሜይ 1 ቀን፣ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ ቆሞ ዋናው ውጊያ አብቅቷል አለ። ከበላዩ «ተልዕኮው ተፈጸመ» የሚል ትልቅ ጨርቅ ተሰቅሏል። የአሜሪካ ጦር ከኢራቅ የወጣው መቼ ነው? በዲሴምበር 2011። ስምንት ዓመት ከምናምን! ወደ 4,500 የሚጠጋ የአሜሪካ ወታደር ሞቶ፣ የኢራቁን ሕዝብ እልቂት ደግሞ እስከ ዛሬ የሚከራከሩበት ነው። ሊያስፈቱት የሄዱት የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ክምችትም አልተገኘም።

ፑቲን እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 ማለዳ ሲናገር ጦርነት የሚለውን አልተጠቀመም፣ ልዩ ወታደራዊ ዘመቻ ነው አለ። ብዙም ሳይቆይ ስለ ጦሩ «ሐሰት» ያሰራጨ እስከ 15 ዓመት እንዲታሰር ሕግ ወጣ። ልዩ ዘመቻ ሲባል ሰው የሚያስበው አጭር ነገር ነው። አጭር ነገር ሆነ? ዓመት አልፎ ዓመት ተተካ።

በእኛም አገር አለ። በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. አቶ መለስ በቴሌቪዥን ቀርበው ጦራችን ሶማሊያ ውስጥ ውጊያ መግባቱን ሲናገሩ ብዙዎቻችን ቡና ቤት ተሰብስበን አይተናል። ጦሩ የወጣው በጥር 2001 ነው። ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ...

አያችሁ፣ አዳራሹ ዝም አለ። ቁስሉ ትኩስ ስለሆነ ነው። እዚህ ውስጥ ከአንዱም ከሌላውም ወገን ሰው ያጣ ሊኖር ይችላል፣ እኔ ማንንም ለመውቀስ አልመጣሁም። የተባለውን ብቻ ላስታውስ። ሰሜን ዕዝ ተጠቃ ተባለ፣ የሕግ ማስከበር ዘመቻ ተጀመረ ተባለ። ኅዳር 19 ቀን መቀሌ ተያዘ፣ ዘመቻው ተጠናቀቀ ተባለ። የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ነው። በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለውን ርቀት እናንተው ቁጠሩት። ከዚህ በላይ ዛሬ አልሄድበትም።

መሪዎች እስከ መቼ እንደሆነ ስለማያውቁ ይሆናል የማይናገሩት። ይህን እረዳለሁ። ግን አላውቅም ብሎ የሚናገር ስንት አለ?

አንድ ሰው ትዝ ይለኛል። የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ቼምበርሊን። ሴፕቴምበር 3 ቀን 1939 ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሩብ በሬዲዮ ቀርቦ ጀርመን ለማስጠንቀቂያችን መልስ ስላልሰጠች ጦርነት ውስጥ ነን አለ። ድምፁ የሐዘን ቤት ድምፅ ነው። ብዙም ሳይቆይ ለንደን ላይ የአየር ጥቃት ሳይረን ጮኸ፣ ሰው ወደ ምድር ቤት ተራወጠ፣ የሐሰት ማንቂያ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ቀን ፓርላማ ገብቶ የደከምኩለት ሁሉ፣ ተስፋ ያደረግኩት ሁሉ ፈራረሰ አለ። በሌላው ሁሉ ልትወቅሱት ትችላላችሁ፣ ሂትለርን ያባበለው እሱ ነው። ግን ጦርነት ሲያውጅ ፖሊሲዬ ወደቀ ብሎ የተናገረ መሪ ሌላ ጥሩልኝ እስቲ። እኔ ብዙ አላገኘሁም።

እሺ። ወደ ሦስተኛው። ውኃ አላችሁ? አመሰግናለሁ ልጄ።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ ስንቁን ማን ይችላል? ስንቅ ስል በሶና ቆሎ ብቻ አይደለም። ዋጋውን በሙሉ ነው። ማን ይሄዳል? ምን ይዞ ይሄዳል? የሄደበትን ቤት ማን ያርስለታል? ቀረጡ ይጨምራል? ናፍጣው ይጨምራል? ያ ሹፌር ቡሽን ሲሰማ የሰማው ይህን ነው። ከሁላችንም በላይ ንግግሩን የሰማው እሱ ነበር ባይ ነኝ።

እዚህ ላይ አፄ ምኒልክን ላምጣ። የመስከረም 1888ን የክተት አዋጅ የማያውቅ እዚህ ውስጥ የለም። ግጥም አድርገን በቃል እንወጣዋለን። ክፍል ውስጥ ሳስነብብ ወንዶቹ ሁሉ አንዲቷን ቦታ ነው የሚሻሙት፣ «ማርያምን! ለዚህ አማላጅ የለኝም» የምትለዋን። ግድግዳ እስኪሰነጠቅ ይጮሁባታል። ሌላውን ቦታ አነብንበው ያልፉታል። እኔ ዛሬ ሌላውን ቦታ ነው የማነበው።

ንጉሡ ምን ይላሉ? ያገሬን ሰው መድከምና የከብቱን ማለቅ አይቼ እስካሁን ታግሼ ነበር ይላሉ። ይህ ለማሳመር የተባለ አይደለም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ክፉ ቀን የምንለው ነው። የከብት በሽታው ገብቶ የአገሩን ከብት ጠራርጎታል። በሬ የለም፣ እርሻ የለም፣ ሰው በረሃብ አልቋል። አዋጁ የተነገረው ከዚያ ጥቂት ዓመት በኋላ ነው። ገበሬው ገና ጥጃ እያሳደገ ነው። ንጉሡ ጦርነት ሲያውጁ ደክመሃል፣ ከብትህ አልቋል፣ አውቃለሁ ይላሉ። አውቃለሁ!

ቀጥለው «ያገሬ ሰው ከዚህ ቀደም የበደልሁህ አይመስለኝም፤ አንተም እስካሁን አላስቀየምኸኝም» ይላሉ። እዚህ ላይ ተከራከሩኝ፣ ችግር የለም። የተበደለ አልነበረም ወይ? ነበረ። በተለይ እኛ በምንቀመጥበት በዚህ አካባቢ አርሲን ጠይቁ። ንጉሥ ሲናገር የራሱን ሚዛን ይዞ ነው የሚናገረው። ግን ለሕዝቡ ሂሳብ እንዳለበት ቆጥሮ ነው የተናገረው፣ እሱን ነው እኔ የማየው።

ከዚያ ጉልበት ያለህ በጉልበትህ እርዳኝ፣ ጉልበት የሌለህ በሐዘን እርዳኝ ይላል። ለቅሶ እንደሚመጣ ያውቃል፣ አልደበቀም። የሚቀጥለው ማስፈራሪያው ነው፣ ወስልተህ የቀረህ ግን ኋላ ትጣላኛለህ። ይህን ማለስለስ አልፈልግም። ዛቻ ነው። አማራጭ አልሰጠም። ዛሬ እንዲህ የሚል መሪ ቢመጣ ደስ ይለኛል? አይለኝም። ነገር ግን ግልጽ ነው። ምን እንደሚፈለግብህ ታውቃለህ፣ ብትቀር ምን እንደሚመጣብህም ታውቃለህ።

አንድ ጊዜ አንዲት ተማሪ ከኋላ ወንበር እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ አዋጁ ውስጥ ስንቅ የሚለው የቱ ጋ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የለም እኮ! አንድም ቦታ የለም። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ጥያቄዋን ወድጄው ወደ መጨረሻው መስመር ወሰድኳት። መጨረሻው ምንድነው? ዘመቻዬ በጥቅምት ነውና የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ። ቀን አለ። ቦታ አለ። የዚያን ዘመን ሰው ለዘመቻ የሚወጣው የራሱን ስንቅ በራሱ አጋሰስ ጭኖ ነው፣ ይህን ማንም አይነግረውም። ወረኢሉ ስንት ቀን እንደሚያስኬድ ያውቃል። አዋጁ በመስከረም ተነገረ፣ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ያለውን ቀን ይቆጥራል። ሚስቱ ስንት ቁና ገብስ ቆልታ እንደምትፈጭ በዚያች ሌሊት ታሰላለች። አዝመራው ደግሞ ገና አልተሰበሰበም። ኅዳርና ታኅሣሥ ሲደርስ አባወራው ትግራይ ነው። እህሉን ማን ያጭዳል? እሷና ልጆቿ፣ ወይም ደቦ፣ ወይም ማንም። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፣ ቤት ድረስ ገብታ ሂሳቡን አስቀመጠችው።

ደግሞ «ላግኝህ» ነው የሚለው። እዚያ እጠብቅሃለሁ ማለት ነው። ጥቅምት ላይ ከአዲስ አበባ ተነሱ፣ እቴጌ ጣይቱም አብረው፣ ሴቶቹም በብዛት አብረው፣ እየፈጩ፣ እየጋገሩ፣ ውኃ እየቀዱ። አምባላጌ ኅዳር 28፣ ከዚያ መቀሌ፣ ከዚያ አድዋ የካቲት 23። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ታሪክ አስተማሪ መባል አይገባኝም። የዚያን ዘመን ጦር ስንቁ ሲያልቅ የሚበላው በመንገዱ ያለውን ገበሬ ነው። ክፉ ቀን ያደቀቀው ገበሬ፣ በተለይ የትግራይ ገበሬ፣ የድሉን ዋጋ ከማንም በላይ ከፍሏል። በዓሉን ስናከብር እሱን የሚያነሳው ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ራሴ ሰፈር ልውሰዳችሁ። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ሊቀመንበር መንግሥቱ የእናት አገር ጥሪ ብለው ሕዝቡ ለሚሊሺያ እንዲዘጋጅ ተናገሩ። እኔ ልጅ ነበርኩ። አዳማ ያኔ ናዝሬት ነበረች። አባቴ ሬዲዮ ነበረው፣ ባትሪ ድንጋዩን ፀሐይ ላይ እያሞቀ የሚያስጮኸው። ጎረቤቱ ግቢያችን ይሰበሰባል። ንግግሩ ረጅም ነው። ኢምፔሪያሊስት፣ አድኃሪ፣ ሰርጎ ገብ። ድምፁ ያስፈራል፣ ደግሞም ደም ያሞቃል። ሲያልቅ ወንዶቹ ክርክር ያዙ፣ ስለ ሶማሊያ፣ ስለ ኤርትራ፣ ስለ አሜሪካ። አንዲት የጓሮ ጎረቤታችን ጥግ ላይ ምስር እየለቀሙ ነበር። ስማቸውን አልጠራም፣ ልጆቻቸው እዚሁ ከተማ አሉ። ቀና ብለው «ለመሆኑ ስንቅ እነሱ ይሰጡታል ወይስ እኛ ነን የምናሰናዳው?» አሉ። ወንዶቹ ሳቁ። አባቴም ሳቀ። «መንግሥት ሠራዊቱን አያስርብም፣ እትዬ» አላቸው አንዱ።

እሳቸው ለምን ጠየቁ? ሁለት የደረሱ ወንዶች ልጆች ነበሯቸዋ! የአገሩን ጉዳይ ሁሉ የሰሙት በእነዚያ ልጆች በኩል ነው። ብዙም ሳይቆይ ቀበሌው መጣ። ታናሹ ሄደ። ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠለጠነ። በሰኔ ያ ትልቅ ሰልፍ አብዮት አደባባይ ሲደረግ ሬዲዮው ስር ቁጭ ብለው ያዳመጡት የልጃቸው ድምፅ ይለይ ይመስል ነው። በክረምቱ ሚሊሺያው ወደ ምሥራቅ ሲጓዝ መንገዱ በእኛ ከተማ ነው። መኪኖቹ ማታ ማታ ያልፋሉ። እትዬ በሶና ጭኮ በቆርቆሮ አድርገው ምሽት ምሽት አስፋልቱ ዳር ይቆማሉ። እኛ ልጆች አብረናቸው እንቆማለን። መኪና ሲያቆም ስሙን ይጠራሉ። የለም። ሌላው ይመጣል። የለም። መጨረሻ ላይ ቆርቆሮውን እጁን ለዘረጋ ሁሉ ያድሉትና ባዶውን ይዘው ይመለሳሉ። በማግሥቱ እንደገና ይቆላሉ።

ልጁ ከካራማራ በኋላ ተመለሰ፣ የካቲት 26 ቀን 1970 ካለፈ በኋላ፣ ከግራ እጁ ሁለት ጣት ጎድሎ። ያቺን በሶ አልቀመሳትም። በየት በኩል እንዳለፈ ራሱም አያውቅም፣ ተኝቶ ነበር።

ያ ጦርነት መከላከል ነበር። ወራሪ ገብቷል፣ መመለስ ነበረበት፣ በዚህ ከማንም ጋር አልከራከርም። የምለው ሌላ ነው። የእትዬ ጥያቄ መልስ ይገባው ነበር፣ ከሬዲዮው። የተሳቀበት እኮ የዚያን ምሽት ብቸኛው ቁም ነገር ነው።

ሌሎቹ ይህን እንዴት አደረጉት? ሩዝቬልት በኮንግረሱ ንግግር ማግሥት፣ ዲሴምበር 9 ማታ፣ እንደገና በሬዲዮ መጣ። ያችኛዋን ንግግር ሰው ብዙ አያነሳትም፣ እኔ ግን ከመጀመሪያዋ አስበልጣታለሁ። ዜናው እስካሁን ሁሉም መጥፎ ነው አለ። ጦርነቱ ረጅምና ከባድ ነው አለ። በጦር መሣሪያ ፋብሪካ በሳምንት ሰባት ቀን ይሠራል፣ ቀረጥ ይጨምራል፣ ዕቃ ያጥራል አለ። ባለፋብሪካውም፣ ሠራተኛውም፣ የቤት እመቤቷም ድርሻዋን ሰማች። የቡሽስ፣ እ.ኤ.አ. የ2003ቱ? በማርች ኢራቅ ተገባ፣ በሜይ መጨረሻ ፕሬዝዳንቱ ቀረጥ የሚቀንስ ሕግ ፈረመ! ወታደሩ ይዋጋል፣ ሌላው ቀረጥ ይቀነስለታል፣ ጦርነቱ በብድር ይሄዳል። እንዲህ ሲሆን ሕዝቡ ጦርነት ላይ መሆኑን በምን ያውቃል? በቴሌቪዥን።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከመስመሬ ወጣ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1917 የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ዊልሰን ለኮንግረሱ ጦርነት እንግባ ብሎ ሲናገር አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ማታ ላይ ለጸሐፊው ዛሬ የተናገርኩት ለወጣቶቻችን የሞት መልእክት ነበር፣ እንዴት ይጨበጨብለታል አለው ይባላል፤ ይህን የጻፈው ጸሐፊው ራሱ ነው። ብሎት ይሁን አይሁን የታሪክ ሰዎች ይከራከራሉ። እኔ የሚገርመኝ ለጸሐፊው የነገረውን ለአዳራሹ አለመንገሩ ነው።

አንድ አባት እጅ አውጥተዋል፣ ይበሉ አባቴ። (ከፊት የተቀመጡ አባት ንጉሥ አብሮ ይዘምት ነበር፣ የዛሬው ግን ቢሮ ተቀምጦ ነው አሉ።) ልክ ነው አባቴ። አፄ ምኒልክ አድዋ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴም በመጋቢት 1928 ማይጨው ነበሩ። በኅዳር 2014 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግንባር እሄዳለሁ ብለው ሄደዋል፣ በዚያ ላይ ለመከራከር ሌላ ቅዳሜ ያስፈልገናል። (ሳቅ) ግን መሪው መዝመቱ ብቻ ስንቁን አይመልስም። አብሮ የዘመተም ሂሳቡን ሊደብቅ ይችላል።

አሁን ለእናንተ፣ ለወጣቶቹ። እኛ ሬዲዮ ስር ተሰብስበን ነበር የምንሰማው። ቢያንስ አንዲት እናት ምስር እየለቀመች ጥያቄ ትጠይቃለች። እናንተ ጋ ንግግሩ በሌሊት በስልክ ይመጣል፣ ብቻችሁን አልጋ ላይ ሆናችሁ፣ ሰባት ሴኮንድ ተቆርጦ፣ ከበስተኋላው ሙዚቃ ተጨምሮበት። ሳትጨርሱት ለሃምሳ ሰው ትልካላችሁ። እባካችሁ! እባካችሁ ሙሉውን ስሙት። ከተቻለ ጽሑፉን ፈልጋችሁ በእርሳስ እያሰመራችሁ አንብቡት። ማን ይሄዳል የሚለው የቱ ጋ አለ? ከየት ተከፍሎ? የሚቀረው ቤት ምን ይሆናል? የሚመለሰው ቁስለኛ ማን ጋ ይሄዳል? ካለ ይሰመርበት። ከሌለ ደግሞ የለም ብላችሁ ከጎኑ ጻፉ። ቀኑንም ጻፉ። ከዚያ በኋላ ደግፉ፣ ተቃወሙ፣ የራሳችሁ ጉዳይ ነው።

ሌላው የምለምናችሁ፣ እዚህ ከፊት የተቀመጡትን ቅዷቸው። የ1969ን ያስታውሳሉ፣ የ1990ን ያስታውሳሉ። ከዚህ ከተማ የሄዱትን በስም ያውቃሉ። መሪዎቹ የተናገሩት በየማኅደሩ አለ። እነዚህ እናቶች ያን ምሽት ግቢ ውስጥ የተናገሩት ግን የትም አልተቀዳም።

ሰዓቴን አልፌያለሁ መሰለኝ፣ አስተባባሪዋ እያየችኝ ነው። ሻይ ከመምጣቱ በፊት ጥያቄ እንቀበል። በመጀመሪያ ሴቶች፣ ማይኩን ወደዚያ አሳልፉልኝ። እሺ እህቴ፣ ቀጥይ።